የቀኝ የኋላ ፓራፋንጎ

ሰው በአፉ ይዋሻል። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የዋሸሁት በአውራ ጣቴ ነው፤ አፌ የተከተለው ኋላ ነው።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ዓመቱ 1979፣ በረዶው ቀልጦ ካለቀ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። በሚሺጋን ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ ሲበተን የከረመው ጨው ገና አልታጠበም፤ በየአስፋልቱ ዳር እንደ ዱቄት ነጥቶ ይታያል። አባቴ ሃርላን ከነጋ ጀምሮ አንዲት የጋዜጣ ቁራጭ ከሸሚዝ ኪሱ እያወጣ ያነባል፣ አጥፎ ይመልሳል፣ ደግሞ ያወጣል። ማስታወቂያው ሁለት መስመር ብቻ ነው። «የ1963 ፖንቲያክ። ጣሪያዋ ሸራ፣ የሚታጠፍ። ባለቤቷ አርፏል።»

እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር። ፊቷን ሳታዞር፣ «ዛሬም አይተሃት ብቻ እንዳትመጣ» አለችው።

«ላያት ነው እኮ የምሄደው።»

«አሥራ ሦስት ዓመት አየሃት። አሁንስ አይበቃም?»

ተሳሳቁ። እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ያለችው ትልልቅ ሰዎች «ሺህ ጊዜ ነግሬሻለሁ» እንደሚሉት መስሎኝ ነበር። ቁጥሩ ልክ እንደነበር የገባኝ ፀጉሬ ሽበት ከጀመረው በኋላ ነው።

አጎቴ ዱዌን ምሳ ዕቃውን በብብቱ ይዞ፣ ወደ ፋብሪካ ሲያልፍ ጎራ አለ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። በኛ ቤተሰብ ያገለገለ መኪና ያለ ዱዌን ሕግ አይገዛም። ከኪሱ የቲማቲም ቅርጽ ያላት ማግኔት አወጣ፤ የሚስቱ ፍሪጅ ላይ የገበያ ዝርዝር የምትይዝ፣ ከአንድ ወረቀት በላይ የማትችል።

«ያዢ ትሩዲ። ይቺ ናት ዳኛሽ» አለኝ። «ከጎማ ጎማ፣ በጎን በኩል፣ ታች ታቹን በደንብ ዳብሻት። ላሜራ ከሆነ ትይዛለች። ስቱኮ ከሆነ ዱብ።»

ጨው የበላውን ላሜራ ሰዎች በስቱኮ ይሞሉታል፤ በአሸዋ ወረቀት አለስልሰው ቀለም ይቀቡታል። ዓይን አይለየውም። ማግኔት ግን ቀለም አያይም።

«አንዴ ብትወድቅስ?» አልኩት።

«አንዴማ ምን አላት። አሮጊት ናት፤ አንድ ጥርስ ቢጎድላት አይፈረድባትም።»

«ሁለቴስ?»

«ሁለቴ ከሆነ አባትሽ ራሱን ያካል።»

«ሦስቴ?»

«ሦስቴ ከሆነ ‹አመሰግናለሁ፣ ደህና ዋሉ› ብላችሁ ወደ መኪናችሁ። ክርክር የለም። ቀንሱልን የለም። ሰማህ ሃርላን?»

«ሰምቻለሁ።»

«አልሰማህም። እሷን ስታይ ጆሮህ ይደፈናል። ለልጅቱ የሰጠኋትም ለዚሁ ነው።»

ቲማቲሟን በመዳፌ ጨብጬ ለአንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ግራና ቀኝ ውሃ የተኛበት የቦሎቄ ማሳ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ማለቂያ የሌለው። አባቴ የቤዝቦል ጨዋታ ለመስማት ራዲዮ ከፈተ፤ ወዲያው ዘጋው። ደግሞ ከፈተው። ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን መኪናውን ከመንገድ ዳር አቆመና እጁን ዘረጋልኝ። ቲማቲሟን ሰጠሁት። መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ፣ ከወንበሩ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አወጣ። ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ፣ ቦንቦሊኖ የሚያህል ጥቁር ማግኔት ነበር። ቀለም እንዳይቧጭር የራሱን ካልሲ አልብሶታል።

«ይሄ ይሻላል» አለ።

በጣም ደስ አለኝ። ትልቅ ማግኔት ትልቅ እውነት የሚናገር መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ተቃራኒው ነው። ደካማ ማግኔት ስስ ስቱኮ ላይ እንኳ ይወድቃል፤ የሚጠቅመውም ለዚያ ነው። ጠንካራው ግን በስቱኮው ውስጥ አልፎ ሥር ያለውን ላሜራ ያገኛል፤ የተጠገነውን ሁሉ ደህና ነው ይላል። መኪና ሊሸጥ የሚሄድ ሰው ትልቁን ቢይዝ ይገባኛል። ሊገዛ የሚሄድ ሰው ግን አይይዝም። አባቴ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ወይዘሮ ዚግለር ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ረጅም ሴት ናት፤ የባሏን ሹራብ ለብሳ እጅጌውን ሁለት ጊዜ ጠቅልላዋለች። ባሏ ኧርቪን በኅዳር ነው ያረፈው። ቤቱ ተሸጧል፤ በወሩ መጨረሻ ሚኒሶታ ወዳለችው እህቷ ልትሄድ ነው።

«ሃርላን። ያኔ ቀጭን ነበርክ» አለችው።

«እርስዎ ግን አልተለወጡም።»

«መዋሸት አሁንም አልተማርክም። ጎበዝ።» ወደ እኔ ዝቅ አለች። «ይቺስ?»

«ትሩዲ ናት። የዛሬዋ መርማሪ።»

መተዋወቃቸው አላስገረመኝም። በኛ አካባቢ ሉተራን የሆነ ሁሉ ወይ በአንድ ሠርግ፣ ወይ በአንድ ቀብር ይተዋወቃል።

መኪናዋ ጎተራ ውስጥ ናት፤ አበባ ያለበት የአልጋ አንሶላ ተደራርቦ ለብሳለች። ወይዘሮ ዚግለር አንሶላዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች በክንዷ ላይ ታጥፋለች፤ አትቸኩልም። መጀመሪያ የፊት መብራቶቿ ወጡ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተደራርበው የተቀመጡ። ከዚያ ኮፈኗ፣ እንደ ገበታ የሰፋ። ከዚያ በሯ፣ ከዚያ ረጅሙ ጀርባዋ። ቀለሟ በሰኔ ማለዳ ሐይቃችን የሚለብሰው ሰማያዊ ነው። ቀይ የቆዳ ወንበሮቿ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቀው በፕላስተር ተለጥፈዋል። ሸራ ጣሪያዋ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። ብዙ የሄደች መኪና ናት፤ መሪዋ ኧርቪን ሁልጊዜ በሚይዝበት ቦታ ላይ ተልጦ ነጥቷል።

አባቴ ቆቡን አወለቀ። አባቴ ቆቡን የሚያወልቀው ቤተ ክርስቲያን ሲገባና ምግብ ሲቀርብ ብቻ ነው።

«ሸራውን በኔ የስፌት መኪና ነው የሰፋው» አለች ወይዘሮ ዚግለር። «ሦስት መርፌ ሰብሮብኛል። ‹መርፌሽ ደካማ ነው› ይለኛል ደግሞ።»

ቁልፉን አዞረችና ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ከጆሮዬ ይልቅ በጫማዬ በኩል ነው የገባኝ። የጎተራው ጣውላ ሁሉ በቀስታ ተንቀጠቀጠ። እግዚአብሔር ምድርን «ይሁን» ሲል ድምፁ ምን ይመስል እንደነበር በሰንበት ትምህርት ጠይቄ መልስ አላገኘሁም ነበር። ያን ቀን ያገኘሁ መሰለኝ። ይቺ መኪና ወደ ቤታችን ካልመጣች ምድር ላይ ሌላ የምፈልገው ነገር እንደማይኖር ወሰንኩ።

«ማግኔት ይዛችኋል?» አለች ሞተሩን አጥፍታ።

«ይዘናል» አለ አባቴ።

«ጥሩ። ሳይዝ የሚመጣ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ሊመጸውተኝ የመጣ ነው። ለሁለቱም አልሸጥም።» ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «በወደቀበት ቦታ ሁሉ ሃያ አምስት ዶላር እቀንሳለሁ። ኧርቪን የሠራውን ኧርቪን ነው የሚያውቀው፤ እኔ የማላውቀውን ደህና ነው ብዬ አልሸጥም። ጀምሪ የኔ ልጅ።»

ጀመርኩ። የግራ ፊት ያዘ። የግራ በር ያዘ። ከበሩ ሥር ግን ማግኔቱ ተንሸራቶ መሬት ላይ ዱብ አለ።

«አንድ» አለች፤ ፊቷ አልተለወጠም።

ዞሬ በቀኝ በኩል መጣሁ። ከፊት ጎማው ጀርባ ደግሞ ዱብ።

«ሁለት።»

አባቴ ራሱን አከከ። ዱዌን ነቢይ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

የቀረኝ የቀኝ የኋላው ፓራፋንጎ ነው፤ የኋላውን ጎማ ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ። ከመኪናዋ ሁሉ እሱን ነበር የወደድኩት፤ ከበሩ ተነሥቶ እስከ ኋላ መብራቱ እንደ ዋናተኛ ክንድ የሚዘረጋ። ልክ እዚያ ስደርስ አባቴ፣ «ወይዘሮ ዚግለር፣ እስቲ ኮፈኑን እንክፈተው፤ ራዲያተሩን ያሳዩኝ» ብሎ ወደ ፊት ይዟት ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ።

ማግኔቱን አስጠጋሁት። ምንም የለም። ወደ ላይ ወሰድኩት፤ ምንም። ሲንሸራተት ተቀበልኩትና እንደገና ለጠፍኩት፤ እንደገና ወደ መዳፌ ወረደ። ሦስት። ከዚህ በኋላ «አመሰግናለሁ፣ ደህና ዋሉ» ነው። አንሶላዎቹ ተመልሰው ሲሸፍኗት ታየኝ፤ የማላውቀው ሰው መጥቶ ሲነዳት ታየኝ።

አውራ ጣቴን ማግኔቱ ላይ አድርጌ ወደ ላሜራው ተጫንኩ።

አባቴ ኮፈኑን ዘግቶ መጣና ከበላዬ ቆመ። ወይዘሮ ዚግለር ከኋላው ናት።

«ያዘ?» አለኝ።

«ያዘ።»

«በይ በቃ፤ አንሺው» አለና ሳል አስመስሎ ጉሮሮውን ጠረገ።

እንዳላየ እርግጠኛ ነበርኩ። ልጅ ሲደበቅ የራሱን ዓይን ይጨፍናል።

አባቴ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ሲጋደም ወይዘሮ ዚግለር እኔን ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝ። የወጥ ቤቱ በር ዝንብ እንዳይገባ የሚከለክል የመዳብ ወንፊት አለው፤ ከእርጅና ብዛት አረንጓዴ ሆኗል። ከታች በኩል ግን መጽሐፍ ገልጠው ቢያስቀምጡት የሚያህል አራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ በሌላ የብረት ወንፊት ተተክቶ በሽቦ ተሰፍቷል። ጣቴን ሰደድኩበት።

«እሱን ድመት ቀደደው ነው ያለኝ ኧርቪን» አለችኝ፤ አጃ ዳቦ ላይ ቅቤ እየቀባች።

«ድመቷ የታለች?»

«እኔም እሱኑ ነው የጠየቅሁት።» ቢላዋውን አስቀመጠች። «አርባ ዓመት አብረን ኖርን። ድመት ግን እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

ትከሻዋ እስኪነቀነቅ ሳቀች። ሳቁ አለቀ፤ ትከሻዋ ግን መነቅነቁን አላቆመም። እኔ ድመቷ የሞተች መስሎኝ አዘንኩ። ምናልባት ከደጅ የገባች ሌባ ድመት ትሆናለች ብዬም ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ።

«ደግ ሰው ሲዋሽ አያምርበትም» አለች፤ ዳቦውን ሰጠችኝ።

ስለ እኔ የተናገረች መሰለኝ። ባለፈው እሁድ ስምንተኛውን ትእዛዝ ከነማብራሪያው በቃሌ ተወጥቼ ተጨብጭቦልኝ ነበር፦ በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር። ዳቦውን አንዴ ብቻ ገምጬ ጠረጴዛው ላይ መለስኩት።

ደጅ ስንወጣ አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሟል።

«ስንት ቦታ ወደቀ አልክ?» አለችው።

«ሁለት።»

«ሦስት» አለች።

«ሁለት ነው ወይዘሮ ዚግለር። እርስዎም እየቆጠሩ ነበር።»

«ሦስት ነው የምልህ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ትሩዲ፣ የቀኝ የኋላው ይዟል፤ አይደለም?»

ሁለቱም አዩኝ። ጆሮዬ ነደደ። «ይዟል» አልኩ፤ አሁን በአፌ።

ወይዘሮ ዚግለር ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እጇን ራሴ ላይ አደረገች። «ይዟል ካለች ይዟል። እኔ ስለሱ አላነሳሁም።»

«ታዲያ ሦስተኛው የቱ ነው?»

«ሦስተኛው የኔ ጉዳይ ነው። መኪናው የኔ፣ ቁጥሩም የኔ። ካልፈለግክ አንሶላዎቼ እዚህ አሉ፤ መልሼ አለብሳታለሁ።»

«ኧረ እፈልጋለሁ» አለ አባቴ ፈጥኖ። የዱዌን ሕግ ያን ጊዜ በነነ።

ጣቴን አይታኛለች አልኩ በልቤ። አይታ ነው የቀነሰችው፤ አይታ ነው ራሴን የዳሰሰችው። ብዙ ዓመት እንደዚያ አምኜ ኖርኩ።

የመጣንበትን መኪና ዱዌን በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊያመጣው እዚያው ተወነው። አባቴ ብርዱን ንቆ ጣሪያዋን አጠፈ። ከወይዘሮ ዚግለር አንሶላዎች አንዱን በላዬ ጠቀለለልኝ። በመስታወት ወደ ኋላ ሳይ መንገዱ ዳር ቆማ ነበር፤ እጇን አላወዛወዘችም፤ ሁለት እጆቿን በኧርቪን ሹራብ እጅጌ ውስጥ አስገብታ ብቻ መንገዱ እስኪታጠፍ አየችን። ነፋሱ የቦሎቄውን ማሳ ጭቃ፣ የቤንዚኑን፣ የአሮጌውን ቆዳ ሽታ እያቀላቀለ ፊታችንን መታው። ሰው በየደጃፉ ቀና ይላል። አንድ ገበሬ ትራክተሩን አቁሞ ባርኔጣውን አነሣልን። አባቴ መሪውን ኧርቪን በላጠው ቦታ ላይ ይዟል።

«ዱዌን ስንቴ ወደቀ ብሎ ቢጠይቅሽ?» አለኝ በነፋሱ ላይ እየጮኸ።

«ሁለቴ።»

«ጎበዝ» አለና ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ።

ምስኪን አባቴ፣ ምንም አልጠረጠረም አልኩ። ከዚያ የበለጠ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ከዚያ የበለጠም ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ስለዚያች መኪና ያልተማርኩት የለም። ማንም አላስተማረኝም፤ አባቴ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነው። በየክረምቱ አንድ ነገር ፈታ። የግራውን ታች ቆርጦ በአዲስ ላሜራ በየደ። ከቀኝ ጎማው ጀርባ ያለውን እንዲሁ። ወንበሮቿን አለበሰ፣ ሞተሯን አወረደ፣ መለሰ። የቀኝ የኋላውን ፓራፋንጎ ግን አልነካም። «እሱ ይቆይ» ይላል። ኮሌጅ ስገባ ቀለሙ እንደ ብጉር ማበጥ ጀመረ። ሳገባ ብጉሩ ፈነዳ። «እሱ ይቆይ።» ባሌን ስቀብርም አባቴ በዚያችው መኪና ነው ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰደኝ፤ በዚያ ቀን እንኳ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ፓራፋንጎው ላይ ነው። የማይነካው የሚያስከፍለውን ስለሚፈራ መሰለኝ። እኔ ያስገዛሁት ብልሽት ነውና።

በየእሁዱ በቤተ ክርስቲያን ማኅበሩ በአንድ ድምፅ «በሐሳብ፣ በቃልና በሥራ በድለናል» ይላል። እኔ በልቤ «በጣትም» እላለሁ። አርባ ሁለት ዓመት አልኩት።

የዛሬ ሦስት ዓመት በመስከረም አባቴ ደወለልኝ። ሰባ አራት ዓመቱ ነበር፤ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«ነይና ፓራፋንጎውን እንቁረጠው» አለኝ። «እጄ ጨርሶ ሳይከዳኝ።»

መቁረጫውን እኔ ያዝኩ። እሱ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ መብራት ያበራልኛል። መነጽሬን አጠለቅሁ፤ ከዚያ መልሼ አወለቅሁት።

«አባዬ፣ ሳልቆርጠው አንድ ነገር ልንገርህ። ያን ቀን ማግኔቱ እዚህ ላይ አልያዘም ነበር።»

«አዎ» አለ።

«በአውራ ጣቴ ነው ደግፌ የያዝኩት።»

«አዎ። ጥፍርሽ ነጭ ሆኖ ነበር።»

መብራቱን ከዓይኔ ላይ ዞር አደረገልኝ።

«አይተህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«በየትኛው አፌ ልቆጣሽ? ያን ትልቁን ማግኔት ለምን ያመጣሁት ይመስልሻል?»

ከዚያ ነገረኝ። እንደ እሱ ያለ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ መስማት ነው፤ ከጠየቁት ያቆማል። በ1966 አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በኧርቪን ዚግለር ጎተራ ውስጥ ላሜራ ይቀጠቅጥ ነበር። ከእናቴ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ዳንስ ሊሄድ ሲል ኧርቪን የፖንቲያኳን ቁልፍ ወረወረለት። ወይዘሮ ዚግለር፣ «ይህን መኪና ለልጅ እንዳትሰጥ» ብላው ነበር። አባቴ እናቴን ከቤቷ አድርሶ ሲመለስ፣ በሐሳብ ተውጦ፣ በሲሚንቶ ከተተከለ የፖስታ ሣጥን ግንድ ጋር ተላትሞ የቀኝ የኋላ ፓራፋንጎዋን ገነጠለው።

«ኧርቪን አየና ‹ልጅቱ እንዴት ናት?› ነው ያለኝ» አለ። «‹ቆንጆ ናት› አልኩት። ‹እንግዲያው ከፓራፋንጎ ትበልጣለች› አለኝ። ሁለት ረቡዕ ፈጀብን፤ ረቡዕ ረቡዕ ሚስቱ ወደ መዘምራን ልምምድ ትሄዳለች። ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ስቱኮውን የሚይዝለት ነገር አጣን። ወጣና የሆነ ወንፊት ቆርጦ ይዞ መጣ። ‹ለሚስቴ ለኦቲሊ ትንፍሽ እንዳትል› አለኝ። አንድ ሳንቲም አልተቀበለኝም።»

«ታዲያ ያን ቀን…»

«ያን ቀን እሷ ማግኔት አምጡ ትላለች፤ አውቃታለሁ። ማግኔቱ እዚህ ቢወድቅ ‹ይሄ ምንድን ነው?› ብላ ትጠይቃለች። ባሏን ከቀበረች አምስት ወር አልሞላትም። በገዛ ጎተራው፣ በሚስቱ ፊት፣ ውሸታም ላድርገው? ትልቁ ይይዛል ብዬ ነበር። አልያዘም። አንቺ ያዝሽው። ጣትሽ አይደለም የከበደኝ። ‹ይዟል፣ አይደለም?› ብዬ በሷ ፊት ሁለተኛ ማስዋሸቴ ነው። እሱን ነው አርባ ዓመት የምናዘዘው። መቼም እሷ ሳታውቅ አረፈች። እሱ ይሻላል።»

በአንድ ማኅበር፣ በአንድ አግዳሚ ላይ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዱን በደል ሁለታችንም ስንናዘዝ ኖረናል።

ቆረጥኩት። ስቱኮው ሁለት ጣት ውፍረት አለው፤ እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰብሮ ወደቀ። ከጀርባው ወንፊት ተጣብቆበታል። አንሥቼ በመብራቱ ፊት ያዝኩት። ማግኔት የማይስበው መዳብ ነው፤ ከእርጅና ብዛት አረንጓዴ ሆኗል። መጽሐፍ ገልጠው ቢያስቀምጡት ያህላል።

ቁጭ አልኩ።

«አባዬ፣ ዚግለሮች ድመት ነበራቸው?»

«ድመት? ኧርቪን ድመት ባለፈበት መንገድ እንኳ ያስነጥሰው ነበር። ምነው?»

የወጥ ቤቱን በር ነገርኩት። አጃ ዳቦውን፣ «ድመት ቀደደው ነው ያለኝ» ያለችውን፣ ሳቋን፣ ትከሻዋን። ደግ ሰው ሲዋሽ አያምርበትም ያለችው ስለ እኔ እንዳልነበረ እየነገርኩት እያለ ነው ለኔም የገባኝ። ጣቴን ያን ቀን አላየችም። ማየት አላስፈለጋትም። የበሯ ወንፊት የት እንደገባ አሥራ ሦስት ዓመት ታውቅ ነበር፤ ኧርቪን እንዳወቀች ሳያውቅ እስኪሞት ድረስም ዝም አለችው።

አባቴ ወንፊቱን ከእጄ ወሰደ። ከጥግ እስከ ጥግ በጣቱ ዳሰሰው።

«ሦስት» አለ በመጨረሻ። «ሦስት ያለችው ለዚህ ነው።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «እኔ ደግሞ አርባ ሁለት ዓመት፣ ደጓ ሴትዮ፣ ቁጥር ተሳስታ ነው ስል።»

አዲሱን ላሜራ ለመበየድ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። እሱ ባልዲው ላይ ሆኖ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ፣ አታቃጥይው» ይለኛል። ወንፊቱን ከጎተራችን በር በላይ በሁለት ምስማር መታው፤ ጎብኚ ሲጠይቀው «ድመት የቀደደው ነው» ይላል።

ብየዳው ተሞርዶ ሲያልቅ፣ ገና ቀለም ሳይነካው፣ እየተንገዳገደ ወደ ቤት ገባ። ሲመለስ የዱዌንን ቲማቲም ይዞ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የእናቴ ፍሪጅ ላይ የኖረችውን፣ ቀይ ቀለሟ ተልጦ ብርቱካን የመሰለችውን። ሰጠኝና ወደ ባልዲው ተመልሶ ተቀመጠ።

ማግኔቷን ራቁቱን ላሜራ ላይ አስጠጋኋት።

«ያዘ?» አለኝ።

ሁለት እጆቼን ወደ ላይ አንሥቼ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘርግቼ አሳየሁት።